የድሮ የአክሲዮን ዋጋ፦ የትኛውን ቁጥር ልመን?

አፕል አክሲዮኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የሸጠው ዲሴምበር 12 ቀን 1980 ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የአንዱ አክሲዮን መሸጫ 22 ዶላር ነበር። ዛሬ ግን የአፕልን የዋጋ ቻርት ከፍታችሁ እስከ ግራ ጫፉ ብትሄዱ 22 ዶላር የሚባል ነገር አታገኙም። እዚያ ያለው ቁጥር በሴንት የሚቆጠር ነው። ያ 22 ዶላር በዛሬው አክሲዮን ልክ ሲሰላ 10 ሴንት እንኳን አይሞላም።

ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። የሚለያዩት በሚመልሱት ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው የድሮ የአክሲዮን ዋጋ አንዴ ከተመዘገበ በኋላ የማይነካ ይመስለዋል። እውነታው ሌላ ነው። ኩባንያው አክሲዮኑን ሲከፋፍል፣ ለባለአክሲዮኖች ትርፍ ሲያከፋፍል፣ ወይም አንዱን ክፍሉን ነጥሎ ሲያወጣ ከዚያ በፊት የነበረው ቁጥር ሁሉ ብዙ ጊዜ እንደገና ይሰላል። ስለዚህ የትኛውንም የቆየ ዋጋ ከመጠቀማችን በፊት "ይሄ ያን ጊዜ በእርግጥ የተከፈለው ዋጋ ነው ወይስ በኋላ የተስተካከለው?" ብለን መጠየቅ አለብን። ይህን የዘለለ ሰው ግብሩን አሳስቶ ያሰላል፣ ያላገኘውን ትርፍ ያገኘ ይመስለዋል፣ ወይም ደህና ገንዘብ ያመጣለትን አክሲዮን እንደ ኪሳራ ይቆጥራል።

ሠንጠረዡን እንየው

በገበያ ላይ ያለ የየትኛውንም ኩባንያ የዋጋ ታሪክ ብታወርዱ የሚመጣላችሁ ሠንጠረዥ ተመሳሳይ ነው። በእያንዳንዱ መስመር ላይ አንድ የግብይት ቀን አለ። ገበያው የሚዘጋባቸው ቅዳሜ፣ እሁድና በዓላት የሉበትም። ከቀኑ ቀጥሎ የመክፈቻ ዋጋ፣ የዕለቱ ከፍተኛ ዋጋ፣ የዕለቱ ዝቅተኛ ዋጋ፣ የመዝጊያ ዋጋ፣ ከዚያም በዕለቱ እጅ የለወጡ አክሲዮኖች ብዛት ይደረደራሉ። ብዙ ጊዜ "የተስተካከለ መዝጊያ" የሚል አንድ ተጨማሪ ዓምድም አለ። ጣጣው ያለው እዚህ ዓምድ ላይ ስለሆነ ቆይተን እንመጣበታለን።

ዋናው ቁጥር መዝጊያው ነው። ዜና ላይ "ዛሬ በ3 በመቶ ጨመረ" ሲባል የዛሬው መዝጊያ ከትናንቱ መዝጊያ ጋር ተነጻጽሮ ነው፤ ከጠዋቱ መክፈቻ ጋር አይደለም። በትልልቆቹ የአሜሪካ ገበያዎች የመዝጊያ ዋጋ የሚወሰነው በቀኑ ማብቂያ ላይ በሚደረግ ጨረታ ነው። የገዢና የሻጭ ትእዛዝ በአንድ ላይ ይሰበሰብና ብዙ አክሲዮን ሊያገበያይ የሚችለው ዋጋ ይመረጣል። በዚህ ምክንያት መዝጊያው በአንድ ሰው ድንገተኛ ግዢ በቀላሉ አይዛባም።

ከፍተኛውና ዝቅተኛው ግን እንደዚያ አይደሉም። ለአንዲት ቅጽበት ብቻ የታዩ ዋጋዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ሜይ 6 ቀን 2010 የአሜሪካ ገበያ በደቂቃዎች ውስጥ ክፉኛ ወርዶ ወዲያው ተመለሰ። በዚያች ቅጽበት 40 ዶላር አካባቢ ይገበያይ የነበረው የአክሰንቸር አክሲዮን በ1 ሴንት የተሸጠበት ጊዜ ነበር። እነዚያ ግብይቶች በኋላ ተሰረዙ። ይሄ ጽንፍ የያዘ ምሳሌ ነው፤ ነገር ግን "በዚያ ቀን በዝቅተኛው ዋጋ ብገዛ ኖሮ" ብሎ ማስላት ለምን ከንቱ እንደሆነ በደንብ ያሳያል። በዚያ ዋጋ ማን መግዛት እንደቻለ፣ ስንት አክሲዮን እንደተገኘ ሠንጠረዡ አይነግራችሁም።

የአክሲዮኖቹ ብዛት ለዋጋው ክብደት ይሰጠዋል። በሚሊዮን የሚቆጠር አክሲዮን ተገበያይቶ የወጣ ዋጋ ብዙ ሰው የተስማማበት ነው። በቀን ጥቂት መቶ አክሲዮን ብቻ የሚገበያይ ኩባንያ ከሆነ ግን የ5 በመቶ ጭማሪው የአንድ ገዢ ችኮላ ብቻ ሊሆን ይችላል።

አንዱ አራት ሲሆን

ኦገስት 28 ቀን 2020 አርብ ነበር። የአፕል አክሲዮን በ499 ዶላር ከ23 ሴንት ዘጋ። ሰኞ ኦገስት 31 ገበያው ሲከፈት ዋጋው 127 ዶላር ገደማ ላይ ነበር። ጉዳዩን ያልሰማ ሰው ኩባንያው ቅዳሜና እሁድ ላይ ጉድ ሆነ ሊል ይችላል። የሆነው ግን አፕል እያንዳንዱን አክሲዮን ለአራት መክፈሉ ነው። 10 አክሲዮን የነበረው ሰው 40 ሆነለት። የአንዱ ዋጋ ደግሞ ወደ ሩብ ወረደ። 499.23ን ለ4 ስታካፍሉት 124.81 ይመጣል። ሰኞ ከዚያ ከፍ ብሎ ነው የተከፈተው፤ ባለአክሲዮኖቹ በዚያ ጠዋት እንዲያውም አትርፈዋል።

ይህ ክፍፍል ስፕሊት ይባላል። የኩባንያውን ጠቅላላ ዋጋ አይነካም፤ የሚለውጠው የአክሲዮኑን ቁጥር ብቻ ነው። ነገር ግን የዋጋ ታሪኩ እንዳለ ቢተው ቻርቱ ላይ የሌለ ገደል ይፈጠራል። ስለዚህ መረጃ አቅራቢዎች ከክፍፍሉ በፊት የነበሩትን ዋጋዎች ሁሉ ለ4 ያካፍላሉ። አፕል ይህን ያደረገው አንዴ ብቻ አይደለም። በ1987፣ በ2000 እና በ2005 ለሁለት ለሁለት ከፍሏል፤ በ2014 ለሰባት፣ በ2020 ለአራት። እነዚህ ሲባዙ 224 ይሆናሉ። በ1980 አንድ አክሲዮን ገዝቶ ሳይነካ ያቆየ ሰው እጅ ላይ 224 አክሲዮን አለ ማለት ነው። የመጀመሪያውን 22 ዶላር ለ224 ብታካፍሉት 9.8 ሴንት ታገኛላችሁ። ቻርቱ ላይ ያለው የሴንት ቁጥር የመጣው ከዚህ ነው።

ተቃራኒውም አለ። ሲቲግሩፕ በሜይ 2011 አስር አክሲዮን ወደ አንድ አጠቃለለ። 4 ዶላር ተኩል አካባቢ የነበረው ዋጋ በአንድ ጊዜ ወደ 45 ዶላር ገደማ ወጣ። ማንም ግን አልከበረም፤ 1000 አክሲዮን የነበረው ሰው 100 ቀረው። ከፋይናንስ ቀውሱ በፊት፣ በ2006 መጨረሻ ላይ፣ የሲቲግሩፕ አክሲዮን 55 ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር። ዛሬ የተስተካከለውን ቻርት ብታዩ ያ ጊዜ በ550 ዶላር አካባቢ ተጽፏል። በ550 ዶላር የገዛው ሰው ግን የለም። የዚያን ዘመን ጋዜጣና የዛሬውን ቻርት ጎን ለጎን አድርጎ ግራ የሚጋባ ሰው ካለ ግራ የሚያጋባው ይሄ ነው።

የትርፍ ድርሻውስ?

ስፕሊቱ ቀላሉ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በትርፍ ድርሻው ወይም በዲቪደንዱ ላይ ነው።

ኩባንያ ለባለአክሲዮኖቹ ጥሬ ገንዘብ ሲያከፋፍል ገንዘቡ ከካዝናው ይወጣል። ስለዚህ የትርፍ ድርሻው ለአዲስ ገዢ በማይደርስበት የመጀመሪያ ቀን የአክሲዮኑ ዋጋ በግምት በዚያው ልክ ይወርዳል። ማይክሮሶፍት በ2004 ለእያንዳንዱ አክሲዮን 3 ዶላር ልዩ ዲቪደንድ ከፈለ። በጠቅላላው ወደ 32 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በኖቬምበር አጋማሽ ላይ 30 ዶላር አካባቢ የነበረው ዋጋ በአንድ የግብይት ቀን ወደ 27 ዶላር ገደማ ወረደ። የዋጋውን ዓምድ ብቻ ያየ ሰው "ወደ 10 በመቶ ከሰረ" ይላል። ባለአክሲዮኑ ግን ያ 3 ዶላር ተቆጥሮለታል፤ አልከሰረም።

የተስተካከለው መዝጊያ ይህን ሊያርም ነው የተፈጠረው። አሠራሩ ቀላል ነው። 3 ዶላር ከ30 ዶላር 10 በመቶ ነው። ስለዚህ ከዚያ ቀን በፊት ያሉት ዋጋዎች በሙሉ በ0.9 ይባዛሉ። እንዲህ ሲደረግ 30 የነበረው 27 ይሆናል፤ በማግስቱ ካለው 27 ጋርም ይገናኛል። ገደሉ ጠፋ። ኩባንያው በየሩብ ዓመቱ ዲቪደንድ በከፈለ ቁጥር ይሄው ሥራ ይደገማል። ወደ ኋላ በሄዳችሁ መጠን ቅናሹ እየተደራረበ ይሄዳል። ለዚህ ነው የ30 ዓመት የተስተካከለ ዋጋ በዚያን ጊዜ ከተከፈለው ጋር ፈጽሞ የማይመሳሰለው።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የተስተካከለ ዋጋ ዛሬ ያወረዳችሁትና ከዓመት በኋላ የምታወርዱት አንድ አይሆንም። በመሀል ዲቪደንድ ከተከፈለ ያለፈው ታሪክ በሙሉ ዝቅ ይላል። የድሮውን ፋይል ከአዲሱ ጋር አትቀጥሉ። ካስፈለጋችሁ ሙሉውን እንደገና አውርዱ፤ ያወረዳችሁበትንም ቀን ፋይሉ ላይ ጻፉ።

ሌላም ወጥመድ አለ። ብዙ ድረ ገጾች ላይ "መዝጊያ" የሚለው ዓምድ ራሱ ለስፕሊት ተስተካክሎ የቀረበ ነው፤ "የተስተካከለ መዝጊያ" የሚለው ደግሞ ለስፕሊትም ለዲቪደንድም። ሌሎች ቦታዎች ላይ መዝጊያው ምንም ያልተነካ ነው። የያዛችሁት የትኛው እንደሆነ የምታጣሩበት ፈጣን ዘዴ ልንገራችሁ። የአፕልን የኦገስት 28 ቀን 2020 መስመር ፈልጉ። 499.23 ካለ ያልተነካ ዋጋ ነው። 124.81 ካለ ለስፕሊት ተስተካክሏል። ከዚያም በታች ከሆነ ዲቪደንዱም ገብቶበታል።

ለየትኛው ጥያቄ የትኛው ዋጋ?

"ገንዘቤ ስንት አፈራ?" ለሚል ጥያቄ የተስተካከለው መዝጊያ ነው የሚሻለው። የመጨረሻውን ለመጀመሪያው አካፍላችሁ አንድ ስትቀንሱ ዲቪደንዱን መልሶ አክሲዮን የገዛበት ሰው ያገኘውን ጠቅላላ ትርፍ በግምት ታገኛላችሁ። ባልተስተካከለው ዋጋ ይህን ማስላት ጥሩ ዲቪደንድ የሚከፍሉ ኩባንያዎችን ሁሉ መበደል ነው።

"በስንት ነው የገዛሁት?" ለሚለው ግን የተስተካከለውን እንዳትነኩት። ለግብር የሚያስፈልገው በእርግጥ የከፈላችሁት ነው፤ የሚስተካከለው ለስፕሊትና ለመሰል ለውጦች እንጂ ለተራ ዲቪደንድ አይደለም። በዚያ አርብ መዝጊያ ላይ 10 የአፕል አክሲዮን የገዛ ሰው 4,992 ዶላር ከ30 ሴንት ከፍሏል። ሰኞ 40 አክሲዮን ሆነለት፤ የአንዱ የግዢ መነሻ ዋጋ 124.81 ዶላር ገደማ ሆነ። ጠቅላላው ግን ያው 4,992.30 ነው። ለዲቪደንድ የተስተካከለውን ዋጋ ቢጠቀም መነሻው ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ከሚገባው በላይ ትርፍ አስመዝግቦ ያልተገባ ግብር ይከፍላል። ደንቡ ከአገር አገር ስለሚለያይ ዝርዝሩን የአገሩን ሕግ ከሚያውቅ ሰው አጣሩ። የብሮከራችሁ (አክሲዮኑን የገዛላችሁ ደላላ) የግዢ ማስረጃ ካለ ደግሞ ከየትኛውም ድረ ገጽ ይበልጣል።

ውርስም የራሱ ወግ አለው። በአሜሪካ የውርስ ግብር የአንድ አክሲዮን ዋጋ የሚተመነው በመዝጊያው አይደለም። ሰውየው በሞተበት ቀን የነበረው ከፍተኛና ዝቅተኛ ዋጋ ተደምሮ ለሁለት ይካፈላል። ዕለቱ ቅዳሜ ወይም እሁድ ከሆነ የአርቡና የሰኞው አማካይ ይወሰዳል። ከፍተኛና ዝቅተኛ የሚሉት ዓምዶች ከምር ቁምነገር የሚሠሩት እንዲህ ባለው ጉዳይ ነው።

ታሪኩ የሚቋረጥበት ጊዜ

ኢቤይ በጁላይ 2015 ፔይፓልን ራሱን የቻለ ኩባንያ አድርጎ ለየው። 66 ዶላር አካባቢ የነበረው የኢቤይ አክሲዮን በአንድ ጊዜ 28 ዶላር ገደማ ሆነ። ቀሪው ዋጋ ለእያንዳንዱ የኢቤይ አክሲዮን በተሰጠው አንድ የፔይፓል አክሲዮን ውስጥ ገባ። የዚህ ዓይነቱን መለያየት አንዳንድ መረጃ አቅራቢዎች ያስተካክሉታል፣ አንዳንዶቹ አያስተካክሉትም። ምክንያቱ ያልታወቀ ትልቅ መውረድ ካያችሁ መጀመሪያ በዚያ ቀን ኩባንያው ምን እንዳደረገ ፈልጉ።

የጄኔራል ሞተርስ ነገር ደግሞ ይበልጥ ያሳስባል። ኩባንያው ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የዋጋ ታሪኩን ስትከፍቱ ግን የሚጀምረው ከኖቬምበር 2010 ነው፤ ያን ጊዜ ለሕዝብ የተሸጠውም በ33 ዶላር ነው። ከዚያ በፊት የነበረው አሮጌው ኩባንያ በጁን 2009 መክሰሩን አሳውቆ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። የድሮ ባለአክሲዮኖች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። አዲሱ ኩባንያ ስሙንና የገበያ ምልክቱን (አክሲዮኑ ገበያ ላይ የሚጠራበትን አጭር መለያ) ወሰደ፤ የእነሱን ኪሳራ ግን ቻርቱ አይዘውም። ምልክቱን ብቻ አይቶ "የዚህ አክሲዮን ታሪክ የሚጀምረው ከ33 ዶላር ነው" የሚል ሰው ገንዘባቸውን ሙሉ በሙሉ ያጡ ሰዎችን ከታሪኩ እየሰረዘ ነው።

በጠቅላላው የከሰሩትን ረስተን የተረፉትን ብቻ የማየት ችግር ከባድ ነው። ኤንሮን በ2000 እስከ 90 ዶላር ደርሶ ነበር፤ በዲሴምበር 2001 ከሰረ። ዛሬ ካሉት ትልልቅ ኩባንያዎች ዝርዝር ውስጥ መርጣችሁ የ25 ዓመት ታሪካቸውን ብታጠኑ ኤንሮንን አታገኙትም። አክሲዮን ሁልጊዜ እንደሚያድግ የሚያስመስለው አንዱ ነገር ይሄ ነው።

ቻርት ስታነቡ

ዓይናችን በቻርት ይታለላል። ተራ ቻርት ላይ ከ1 ወደ 2 ዶላር መሄድና ከ100 ወደ 101 መሄድ እኩል ቁመት አላቸው። የመጀመሪያው ገንዘብን እጥፍ ማድረግ ነው፤ ሁለተኛው 1 በመቶ። ስለዚህ ረጅም ታሪክ ስታዩ ሎጋሪዝም የሚባለውን መለኪያ አብሩት። ብዙዎቹ ድረ ገጾች ላይ በአንድ ቁልፍ ይቀየራል። እዚያ ላይ እኩል ቁመት ማለት እኩል ፐርሰንት ነው።

ፐርሰንቱም የራሱ ባሕርይ አለው። 50 በመቶ የወረደ አክሲዮን ወደ ነበረበት ለመመለስ 100 በመቶ መጨመር አለበት። 90 በመቶ የወረደ ደግሞ አስር እጥፍ መሆን ይጠበቅበታል። አማዞን በዲሴምበር 1999 ወደ 107 ዶላር ዘግቶ ነበር። በሴፕቴምበር 2001 መጨረሻ 6 ዶላር ገደማ ነበር። ከ90 በመቶ በላይ ጠፍቷል። በ2022 አክሲዮኑ ለ20 ስለተከፈለ የዛሬው ቻርት ያን ጊዜ ከ5 ዶላር ወደ 30 ሴንት እንደወረደ አድርጎ ያሳያል። ተራ ቻርት ላይ ደግሞ ያቺ ውድቀት ከዛሬው ዋጋ አንጻር አትታይም፤ ጠፍጣፋ መስመር ናት። በዚያ መስመር ውስጥ ግን ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ገንዘባቸው ሲቀልጥ ያዩ ሰዎች አሉ።

ለእኔ የዋጋ ታሪክ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ነገ የሚሆነውን አይነግርም፤ እነግራለሁ የሚላችሁንም ሰው ተጠንቀቁት። ነገር ግን ይህ አክሲዮን ከጫፉ ምን ያህል ሊወርድ እንደሚችል፣ ለመመለስም ስንት ዓመት እንደፈጀበት በግልጽ ያሳያል። ሲስኮ በማርች 2000 80 ዶላር አካባቢ ደረሰ፤ በ2002 ከ10 ዶላር በታች ወረደ። ያንን 80 ዶላር መልሶ ለማየት ከ20 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ኩባንያው በመሀሉ አልሞተም፤ አብዛኛውን ጊዜ ትርፋማ ነበር። በ2011 ዲቪደንድ መክፈል ስለጀመረ በተስተካከለው ዋጋ ሲታይ የተመለሰው ቀደም ብሎ ነው። ያም ሆኖ ረጅም ዘመን ነው። አክሲዮን ከመግዛታችሁ በፊት የዚያን አክሲዮን ትልቁን ውድቀት ፈልጋችሁ በራሳችሁ ገንዘብ አስሉት። "ይሄ ቢደርስብኝ እችለዋለሁ ወይ?" ለሚለው ሐቀኛ መልስ ከመቶ ትንበያ ይሻላል።

የመነሻ ቀንም ይዋሻል። ሲስኮን ከማርች 2000 ጀምራችሁ ካያችሁት መጥፎ ነው፤ ከ2002 መጨረሻ ከጀመራችሁ ጥሩ ነው። "በ10 ዓመት ይህን ያህል አደገ" የሚል ማስታወቂያ ስታዩ መነሻውን በሁለትና በሦስት ዓመት ወዲህና ወዲያ አድርጋችሁ ሞክሩት። ከኢንዴክስ (የብዙ ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ በአንድ ቁጥር ከሚያሳይ መለኪያ) ጋር ስታወዳድሩ ደግሞ ሚዛኑ እኩል ይሁን። ዜና ላይ የሚጠራው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ዲቪደንድን አይጨምርም። የአክሲዮናችሁን ዲቪደንድ ቆጥራችሁ የኢንዴክሱን ከተዋችሁ ያላሸነፋችሁትን አሸነፍን ትላላችሁ።

በጣም የቆየ ዋጋ ሲያስፈልግ

የተለመዱት ነጻ ድረ ገጾች ለብዙ ኩባንያዎች የአሥርተ ዓመታት ታሪክ አላቸው። ከእነሱ ጋር የኩባንያውን የራሱን የባለሀብቶች ገጽ ተመልከቱ። አብዛኞቹ ትልልቅ ኩባንያዎች የስፕሊታቸውንና የዲቪደንዳቸውን ቀናት እዚያ ይዘረዝራሉ። ከገበያ የወጣ ኩባንያ ከሆነ ግን ምልክቱ ለሌላ ተሰጥቶ ሊሆን ስለሚችል በምልክቱ ሳይሆን በሙሉ ስሙ ፈልጉ።

ከሳጥን ውስጥ የአያት የአክሲዮን ወረቀት ላገኘ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀረው የድሮ ጋዜጣ ማኅደር ነው። የአሜሪካ ገበያዎች እስከ 2001 ድረስ ዋጋ የሚጽፉት በክፍልፋይ ነበር። 22 3/8 የሚል ካያችሁ 22 ዶላር ከ37 ሴንት ተኩል ማለት ነው። ይህ በዕለቱ የተከፈለ፣ ያልተነካ ዋጋ ነው። ከዛሬው ጋር ለማገናኘት ከዚያ ወዲህ የነበሩትን ስፕሊቶች ከኩባንያው ገጽ ሰብስባችሁ አባዙና የወረቀቱን የአክሲዮን ቁጥር በውጤቱ አባዙት። ኩባንያው ከሌላ ጋር ተዋህዶ ከሆነ ደግሞ በውህደቱ አንዱ የድሮ አክሲዮን በስንት አዲስ እንደተለወጠ አረጋግጡ፤ ስሌቱ ከዚያ በኋላ በአዲሱ ኩባንያ ስም ይቀጥላል።